ህመማቸውን ያስተኙት ጋሽ ክፍሌ

ጋሽ ክፍሌን የገደላቸው ትርፍ አንጀት ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጠፋ።

«ምን አግኝቷቸው ነው?» ይላል መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠ ሁሉ።

«ትርፍ አንጀት።»

ሰውዬው ፊቴን ይመረምራል። ቀልዱ በየት በኩል እንደሚመጣ ይጠብቃል። አይፈረድበትም፤ ኦክላንድ ውስጥ የአየር ማረፊያ ሻትል ስነዳ የኖርኩበትን ዘመን ሁሉ አንዱን አስር እያደረግኩ ሳወራ ነው ያሳለፍኩት። አንዲት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ግን አላስቻላቸውም። «አንተ ልጅ፣ በሬሳም ትቀልዳለህ? በዚህ ዘመን፣ አሜሪካ ተቀምጦ፣ በትርፍ አንጀት የሚሞት ሰው አለ?» ብለው ተቆጡኝ። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ወገቤ ጎብጦ «ልጅ» ስላሉኝ ብቻ አልተቀየምኳቸውም።

የሚሞት ሰው አለ። እኔ የማውቀው አንድ ነው።

ጋሽ ክፍሌ አጭር ነበሩ። አጭር ስል፣ ከተማሪ ቦርሳ ጎን ቢያቆሟቸው መጀመሪያ የሚታየው ቦርሳው ነው። ክብደታቸው ከነጫማቸው የእኔን አንድ ጭን አያህልም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ጠዋትና ከሰዓት ቴሌግራፍ አቬኑ አጠገብ ካለ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ሕፃናት መንገድ ያሻግሩ ነበር። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቃል፤ እዚያ ቀይ መብራት ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ለጋሽ ክፍሌ ግን ሁሉም ይቆማል። «ስቶፕ» የሚለውን ምልክት በግራ እጃቸው ቁልቁል አንጠልጥለው፣ ቀኝ መዳፋቸውን ከደረታቸው ትይዩ ያደርጉና የሹፌሩን ዓይን ያያሉ። በቃ። አንድ ቀን አንድ ሙሉ አውቶቡስ፣ ሹፌሩም ተሳፋሪውም፣ ቆሞ እንቅልፍ ሲወስደው አይቻለሁ። እሺ፣ እንቅልፉን እኔ ጨመርኩት። መቆሙን ግን አልጨመርኩም።

«ጋሼ፣ ምን ብለዋቸው ነው እንዲህ የሚቆሙልዎት?» አልኳቸው።

«"ቆመሃል" ነው የምላቸው፣ በሆዴ። ቁም ስትለው ሰው ይከራከርሃል። ቆመሃል ስትለው ግን እውነት ቆሜ ይሆን ብሎ እግሩን ነው የሚያየው።»

ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሳን ፓብሎ ውስጥ፣ ከጎማ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ አዳራሽ፣ ቴኳንዶ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ሹፌር፣ አስተናጋጅ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ሁላችንም ወገባችንን የያዝን ሰዎች ነን። ከመካከላችን እግሩን ከራሱ ቀበቶ በላይ የሚያነሳ ሰው ቢገኝ ጠበል ይወሰድ ነበር። እኔን እዚያ የላከኝ ሐኪሜ ነው። ሆዴ ያኔ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባና ሰላምታ ሰጥቶ ይጠብቀኝ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን አዳራሹ መሃል አቁመው «ክንድህን ዘርጋ» አሉኝ። ዘረጋሁ። ማርታ የምትባል፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ቀጭን ሴት መጥታ ክንዴን እንደ ጨርቅ አጠፈችው። ሰው ሳቀ። ከዚያ ጋሽ ክፍሌ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። ድምፃቸው ሌላ ክፍል ውስጥ እንደተከፈተ ሬዲዮ ነው፤ ምን እንደሚል ለመስማት አንተ ነህ ወደ እሱ የምትሄደው።

«ክንድህ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ነው» አሉ። «ውሃው ከትከሻህ ተነስቷል። በክርንህ አልፏል። አሁን በጣቶችህ ወጥቶ ያንን ግድግዳ እያራሰው ነው።»

ግድግዳው ረጠበ። በማርያም፣ ሲረጥብ አየሁት። ማርታ በሁለት እጇ ተንጠለጠለችብኝ፤ ክንዴ አልታጠፈም። ሌላ ሰው ተጨመረ፤ አልታጠፈም። ይህን ለሰው ሳወራ ሰባት ሰው ተንጠለጠለብኝ ነው የምለው፤ ለእናንተ ግን ሁለት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ አስማት ነው እንዴ?» አልኩ ክንዴን እያሻሸሁ።

«አስማት ቢሆን አንተን ምን አስፈለገኝ? ሰመመን ነው። ፈረንጆቹ ሂፕኖሲስ ይሉታል። በሩን የምትከፍተው አንተ ነህ፤ እኔ ገብቼ የዕቃውን ቦታ እቀይራለሁ። ድብድብ ከግማሽ በላይ ይሄ ነው። ሰው ቡጢው ሳይደርስበት በፊት እንደሚወድቅ አምኖ ይጨርሳል።»

በዲቪ የመጣ ናቲ የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ ጂም ውሎ ጂም የሚያድር፣ በሩን በጎኑ ካልሆነ የማያልፍ። አንድ ቅዳሜ ተነሳና፣ «ማስተር፣ በአክብሮት ነው፣ ይሄ ነገር እኔ ላይ አይሠራም» አላቸው።

«አይሠራም» አሉ ጋሽ ክፍሌ ወዲያው ተስማምተው። «አንተ ጠንካራ ነህ። በል ና ትንሽ እንጫወት።»

ናቲ ጓንቱን ሲያጠልቅ ጠጋ አሉት። «ግራ ጉልበትህን የተጎዳኸው መቼ ነው?»

«ኧረ አልተጎዳሁም።»

«እንግዲያስ አረማመድህ ነው ያሳሳተኝ። ለማንኛውም ግራህን ብዙ አትጫነው።»

ያንን ብቻ ነው ያሉት። ናቲ መጀመሪያ እንደ ደራሽ ውሃ ነበር የመጣባቸው። እሳቸው እየሸሹ፣ እየዞሩ፣ ባለፉ ቁጥር ዝቅ ብለው ጉልበቱን ብቻ ያያሉ። ትንሽ ቆይቶ ልጁም ማየት ጀመረ። ከዚያ ማሳረፍ ጀመረ። ከዚያ እያነከሰ ሄዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ እንኳ አልመቱትም።

«ማስተር፣ የምር አሞኛል» አለ፤ ፊቱ ገርጥቷል።

እኛ በሳቅ ወለሉ ላይ ነበርን። ጋሽ ክፍሌ አልሳቁም። ተንበርክከው ጉልበቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ያኖርኩትን አንስቻለሁ» አሉት። «ጉልበትህ ጤነኛ ነው። ነበረ፣ ነውም። ተነስ።» ተነሳ። ዘለለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናቲ ለሳቸው ጫማ ከማቀበል አልፎ፣ ቢፈቅዱለት ራሱ ጫማቸው ይሆን ነበር።

ሕጋቸው ይኸው ነበር፤ ማንም ሰው እሳቸው ያኖሩበትን ተሸክሞ ከአዳራሹ አይወጣም። ስልጠናው ሲያልቅ በያንዳንዳችን ፊት ይቆማሉ፣ ግንባራችንን በሁለት ጣት ነካ ያደርጋሉ፣ «ያኖርኩትን አንስቻለሁ፣ በሰላም ግባ» ይላሉ። የቸኮለ ሰው ሳይነካ ሊወጣ ሲል ከፓርኪንግ ድረስ ተከትለው ይመልሱታል። «ሰው የሌላ ሰው ሐሳብ ይዞ ቤቱ መግባት የለበትም፤ ከሚስቱ ጋር ያጣላዋል» ይሉ ነበር።

ስለ ህመምም ትምህርት ነበራቸው። አንድ እሁድ የብረት አግዳሚ ወድቆ የእግራቸውን ጣት ሰበረው። ሲሰበር ሰምተናል። እሳቸው ጣታቸውን ጎንበስ ብለው አዩት፣ «እሺ፣ ሰምቻለሁ» አሉት፣ ስልጠናውን ጨርሰው፣ አንድ በአንድ ግንባራችንን ነክተው፣ ከዚያ ነው ማርታን «ፋሻ አለሽ?» ያሏት።

«ህመም ፖስተኛ ነው» አሉን በሚቀጥለው ሳምንት። «ደብዳቤውን ተቀበል፣ ፈርም፣ ፖስተኛውን አሰናብተው። በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ እንዲውል ማን ፈረደብህ? ደብዳቤውን ሳትቀበል ፖስተኛውን ካባረርክ ግን ደንቆሮ ነህ።»

ይህን ጥበብ ከየት እንዳገኙት የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቴሜስካል ሰፈር ካለ ምግብ ቤት ሽሮ እየበላን። «በደርግ ጊዜ ታስሬ ነበር» አሉ፣ ትናንት ዘነበ እንደሚል ሰው። ክፍላቸው ውስጥ አብሯቸው የታሰረ አንድ ሽማግሌ የሆስፒታል ድሬሰር ነበር። ውስጥ እግራቸውን ገርፈው ሲመልሷቸው፣ ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ቀስ ብሎ ያወራቸዋል። እግርህ ያንተ አይደለም ይላቸዋል። የጎረቤትህ ነው። ጎረቤት ሲመታ ታዝናለህ እንጂ አትጮኽም።

«ሠራልዎት?»

«ሠራ። ሌላው ሲጮኽ እኔ ለጎረቤቴ እያዘንኩ ይነጋልኛል።»

«ኋላስ? ያኖረውን አነሳልዎት?»

እንጀራውን ቆርሰው ሽሮው ላይ አቆዩት። «ከማንሳቱ በፊት ስሙ ተጠራ» አሉ። «አልተመለሰም።»

እኔ ለሁሉም ነገር ቀልድ አላጣም። ለዚያ አጣሁ። ሻይ አዘዝን።

በዚህ ዓመት፣ ጾም ገብቶ ሳለ፣ ከቅዳሜ ስልጠና ስንወጣ ማርታ እጅጌዬን ሳበችኝ። «ማስተር ቀኝ ጎናቸውን አቅፈው ነው የሚሄዱት። አይተሃል?»

«ወገባቸው ይሆናል። የሁላችንም ወገብ ነው።»

«ወገብ እንዲህ አይዝም። ጠየቅኳቸው፣ "ምንም" አሉኝ። ግንባሬን ሊነኩኝ ሲመጡ ጣታቸው እሳት ነው።»

ሰኞ ከሰዓት መንገድ ማሻገሪያው ላይ አልተገኙም። ከጀመሩ ወዲህ ቀርተው አያውቁም ነበር። ማርታ በዚያ ስታልፍ ሌላ ሰው ቢጫውን ሰደርያ ለብሶ አይታ ደወለችልኝ፤ እኔም ሻትሉን እንደያዝኩ ቤታቸው ሄድኩ። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ አተነፋፈሳቸው ግን የተኛ ሕፃን ነው። ወዲያው ልጃቸው ሩት ከሳን ሆዜ ደወለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛውን የምትሰማ እንጂ ብዙ የማትናገር የቴክ ሠራተኛ።

«አንክል ደጀኔ፣ ፕሊስ ኢመርጀንሲ ውሰደው። እኔ ኤይት ኤይቲ ሀይዌይ ላይ ነኝ፣ ትራፊኩ አይንቀሳቀስም። ደህና ነኝ ካለህ ዶንት ቢሊቭ ሂም።»

«ለሩት ስል ነው» አሉ ጋሽ ክፍሌ፣ ጫማቸውን ተቀምጠው እያሰሩ።

ሆስፒታሉ በሰው ተሞልቷል። በሽተኛ የምትመዘግበው ነርስ ከጠዋት ጀምሮ እንዳልተቀመጠች ፊቷ ይናገራል። ትኩሳታቸውን ለካች፣ ክንዳቸው ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ጠመጠመች፣ ከዚያ ያንን እዚህ አገር ለሁሉም የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀች። «ህመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?»

«አስር» አልኩ እኔ። «አስራ አንድም ካላችሁ አስራ አንድ።»

ነርሷ ወደ እሳቸው ዞረች። ጋሽ ክፍሌ ፈገግ አሉላት። «ወዳጄ ቀልደኛ ነው» አሉ በተጣራ እንግሊዝኛቸው። «ዜሮ።»

«እመቤቴ፣ አትስሚያቸው» አልኩ። «እኚህ ሰው የቴኳንዶ ማስተር ናቸው። ራሳቸውን ሂፕኖታይዝ አድርገዋል። ህመማቸውን ጎረቤት ላይ ነው የጣሉት።» ባስረዳሁ ቁጥር ነርሷ ከሳቸው ይልቅ እኔን ለማስመርመር ያሰበች መሰለኝ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አጋኖ አውርቶ፣ እውነቱ ከግነቱ የባሰ የሆነበት ቀን ምን ይበል?

«ትንሽ ትኩሳት አለዎት» አለቻቸው። «ሐኪም ሊያይዎት ይገባል። ግን ወረፋው ረጅም ነው።»

«ደክሞሻል» አሏት ጋሽ ክፍሌ፣ በዚያ ከሌላ ክፍል በሚመጣው ድምፅ። «ትከሻሽ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ጆሮሽ ወጥቶ ነበር። አሁን ወርዷል።»

ወረደ። በዓይኔ ነው ያየሁት። የሴትየዋ ትከሻ እንደ መጋረጃ ወረደ፣ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፣ አመሰገነቻቸው። ከዚያ ቀጣዩን ሰው ጠራች። የጋሽ ክፍሌ የመጨረሻ ግጥሚያ ይህ ነበር፤ አሸነፉ።

ተቀመጥን። ጎናችን የተቀመጠ ጎረምሳ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ ያቃስታል። ጋሽ ክፍሌ ትንሽ አዩትና ተነሱ። «ወረፋው ለታመመ ሰው ነው» አሉ። «ሩት ቤት ትመጣለች።» ነርሷ መሄድ እንደሌለባቸው ነገረቻቸው፤ አመስግነው ወጡ። እንደ ሕፃን አቅፌ ልመልሳቸው እችል ነበር ትሉ ይሆናል። እሳቸውን በጉልበት ሊይዝ የሞከረ ሰው ግን እንዴት ወለሉ ላይ እንደሚያርፍ አይቻለሁ።

መኪናው ጋ ስንደርስ በር ላይ ቆምኩባቸው። «ጋሼ፣ ደብዳቤውን ተቀበል የሚሉት እርስዎ አይደሉም? ፈርም የሚሉት?»

«የምን ደብዳቤ? ከሱፐርማርኬት የሚላክ ማስታወቂያ ነው። ወደ ቆሻሻ ነው የሚገባው።»

«ማስታወቂያም ይሁን፣ ይክፈቱትና እንየው።»

እጃቸውን የመኪናው ጣሪያ ላይ አሳረፉ። ፓርኪንጉ ውስጥ አንድ መኪና ማንቂያው ይጮኻል። «ደጀኔ» አሉኝ፤ «አንድ ጊዜ ከከፈትኩት የት ጋ ነው የሚያቆመው?»

ፈርተው ሳያቸው ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ።

ማታ ሩት ደርሳ አብራቸው አደረች፤ ተከራከረች፣ ለመነች፣ አልሆነም። በነጋታው ጠዋት ራሳቸው ደወሉልኝ። ድምፃቸው የሠርግ ቤት ድምፅ ነው። «ተሻለኝ። ጭራሽ ለቀቀኝ። አላልኩህም ማስታወቂያ ነው?» እኔም ደስ አለኝ። ሩትም ደስ አላት፤ ወደ ሳን ሆዜ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንድ ሐኪም በኋላ እንዳስረዳን፣ ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ግፊቱ ይተነፍስና ህመሙ ለጥቂት ጊዜ ቀለል ይላል። ሰው በዚያች ሰዓት ልክ እንደዳነ ነው የሚሰማው። ጋሽ ክፍሌ ያንን እንደ ድላቸው ቆጠሩት፤ ጎረቤቱ ጩኸቱን የተወ መሰላቸው።

ረቡዕ ከሰዓት ቢጫ ሰደርያቸውን ለብሰው ቦታቸው ላይ ቆሙ። ሕፃናቱን አሻግረው ሲጨርሱ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መዳፋቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ያዩ ሰዎች እንደነገሩኝ አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ አንድም መኪና አልተንቀሳቀሰም። ይህን እንኳ እኔ አይደለሁም ያጋነንኩት።

ሐኪሞቹ ቀደዱ፣ አጠቡ፣ ሰፉ። እሳቸውም ነቁ። ግን ትኩሳቱ አልወርድ አለ፤ ደማቸው ተመርዟል፣ ኩላሊታቸው ደክሟል። ቀዶ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ሰብስባ አነጋገረችን። ሆዳቸው ውስጥ የሆነ ቦታ መግል ሳይጠራቀም አልቀረም፣ ምስሉ ጥርት አድርጎ አላሳየንም፣ የት እንደሚያማቸው ቢነግሩን ትልቅ እገዛ ነው አለች። ነርሶቹ በየሰዓቱ ገብተው ይጠይቃሉ። በየሰዓቱ ያው ፈገግታ፣ ያው መልስ፦ ዜሮ።

መጀመሪያ የሞከረችው ማርታ ናት። አልጋቸው አጠገብ ቆማ፣ ግንባራቸውን በሁለት ጣቷ ነክታ፣ «ያኖሩትን አንስቻለሁ» አለቻቸው። «ሆድዎ የርስዎ ነው። ህመምዎ የርስዎ ነው።»

ጋሽ ክፍሌ ዓይናቸውን ገለጡ። «ድምፅሽን ከጉሮሮሽ አታውጪው» አሏት። «ከሆድሽ ነው። ደግሞ አትቸኩዪ።» ማርታ ፊቷን በእጇ ሸፍና ወጣች። እኔ ጥግ ላይ ቀረሁ። አስቃቸው ይሆናል ብዬ ነበር የገባሁት፤ አፌን ብከፍት ግን የሚወጣው ሌላ ነገር ነበር።

ከዚያ ሩት መጣች። ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ ነበረች፤ ልብሷ ተጨማድዷል፣ ፊቷ ግን ስብሰባ የምትመራ ሰው ፊት ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። በአማርኛ ጀመረች፣ እየተደናቀፈች።

«ዳዲ፣ ትንሽ ሆኜ ከሳይክል የወደቅኩ ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

«ይለኛል።»

«እጄ ተሰብሮ ነበር። አንተ ግን ዌል፣ አላወቅክም። እጅሽ ያንቺ አይደለም፣ የጎረቤት ነው አልከኝ። ቆመ። ፔይኑ ቆመ። ስኩል ሄድኩ። ቲቸሬ ናት እብጠቱን ያየችው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ክላስ ሲያልቅ ከሁሉም ሰው ላይ ታነሳለህ። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ አይህ ነበር። ከናቲም፣ ከአንክል ደጀኔም። ከእኔ ላይ አላነሳህም።»

ጋሽ ክፍሌ አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ማሚ ስትሞት አላለቀስኩም። ኤቭሪባዲ ጎበዝ ነሽ አለኝ። አሁን አንተ እየሞትክ ነው፣ እና እዚህ» ደረቷን ነካች፤ «ናቲንግ። ምንም የለም። ዳዲ፣ አይ አም ስኬርድ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ህመሙን እንደለመዱት እያሰናበቱት መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አተነፋፈሳቸው ተዛባ። ያ የተኛ ሕፃን የመሰለ ትንፋሽ ተቆራረጠ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፣ የመንጋጋቸው አጥንት ተሳበ። ዓይኔ እያየ አረጁ ብል ታጋንናለህ ትሉኛላችሁ።

«የኔን ሳላነሳ ያንቺን ማንሳት አልችልም» አሉ። ያ ከሌላ ክፍል የሚመጣው ድምፅ አልነበረም። ተራ የሽማግሌ ድምፅ ነበር፣ የተሰነጠቀ። «አሞኛል፣ ሩትዬ።»

«የት ጋ?»

እጃቸውን አንስተው ከቀኝ የጎድን አጥንታቸው ሥር አሳረፉ። «እዚህ።» መድኃኒት ልትሰጥ የገባች ነርስ ማሳየታቸውን አይታ ወደ ሐኪሟ ሮጠች። መግሉን በኋላ ያገኙት እዚያው ነው። አገኙት፤ ቀኑ ግን አልፎ ነበር።

«ሌላስ የት?» አለች ሩት።

«ትከሻዬን። ይሄን ጥርስ። ከእናትሽ ቀብር ጀምሮ ነው፣ ይሄኛው ጥርስ።»

«ሌላስ?»

እጃቸው ብርድ ልብሱን እየጨመደደ ወደ ታች፣ ወደ እግራቸው ሄደ። ጣታቸው ሳይደርስ ጮኹ። ያንን ጩኸት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ለሱ የሚሆን ግነት የለኝም። ከዚያ ሰውነት የሚወጣ ድምፅ አልነበረም፤ የወጣት ሰው ድምፅ ነበር። ሩት ተነስታ ሁለቱን እግሮቻቸውን በብርድ ልብሱ ላይ አቀፈች፣ ግንባሯን እላያቸው ላይ ደፋች፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሷም ድምፅ ወጣ።

እኔ ወጣሁ።

ማርታ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ጩኸቱን ሰምታ ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች። «ምንድን ነው? ምን ሆኑ?»

«አሟቸዋል» አልኳት።

ፊቴን አየችኝ፤ እየቀለድኩ እንዳልሆነ እስክታረጋግጥ ድረስ አየችኝ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ተመስገን» አለች።